ጎን ለጎን የበቀሉ ሁለት የዱር ስንዴዎች

(በአንድ የዘር ጥበቃ ስብሰባ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ! የተከበራችሁ መምህራን፣ ተመራማሪዎች፣ በጂን ባንክ የምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤ ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዱር ስንዴ ነው። ስለ ክሮሞዞሙ፣ ማለትም በሴል ውስጥ የዘር መልእክት ስለተሸከሙት ዘንጎች፣ ስለ ዘረመል ብዝኃነቱ። በመሀል ወደ በቅሎና ወደ ፍልፈል ጎራ እላለሁ፤ ምክንያት አለኝ። ሦስት ነገር ነው የማነሳው። አንደኛ፣ የክሮሞዞም ቁጥር ምን ይነግረናል? ምንስ አይነግረንም? ሁለተኛ፣ ብዝኃነት የምንለው ነገር በትክክል የት ነው ያለው? ሦስተኛ፣ ያንን ሀብት እንዴት እናወጣዋለን፣ እንዴትስ እናቆየዋለን? ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ታገሡኝ። ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከአንደኛው ልጀምር።

የሰው ልጅ ስንት ክሮሞዞም አለው? 46። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግን ሳይንስ ይህን ቁጥር በትክክል ያወቀው መቼ ይመስላችኋል? በ1956 ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት መማሪያ መጻሕፍቱ 48 ነበር የሚሉት። የስንዴው ቀድሞ ነው የታወቀው። በ1918 ጃፓናዊው ሳካሙራ ስንዴዎችን ቆጥሮ በሦስት ቡድን ከፈላቸው፤ 14፣ 28 እና 42 ክሮሞዞም ያላቸው። ሁሉም የ7 ብዜት ናቸው። ልብ በሉ፣ ያኔ የዘር መልእክት የተጻፈው በዲኤንኤ ላይ መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር።

ተማሪ ሆኜ መጀመሪያ የስንዴ ክሮሞዞም ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ዘሩን እርጥብ ወረቀት ላይ ታበቅሉታላችሁ። ሥሩ ጥቂት ወጣ ሲል ጫፉን ትቆርጡና በረዶ ውኃ ውስጥ ታሳድሩታላችሁ፤ ቅዝቃዜው የሴሉን ክፍፍል መሀል ላይ ያስቆመዋል። ከዚያ አልኮልና አሴቲክ አሲድ፣ ከዚያ ቀዩ ቀለም። በመጨረሻ ያቺን ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ጫፍ በመስታወት ላይ አድርጋችሁ፣ በሌላ ስስ መስታወት ከድናችሁ፣ በአውራ ጣት ትጫኗታላችሁ። መምህሬ ከኋላዬ ቆሞ “አታንሸራት! ቀጥ አድርገህ ተጫን! እንዳትፈራ!” ይለኝ ነበር። ማይክሮስኮፑ ላይ ስጎነበስ ቀያይ ዘንጎች ተበትነው አየሁ። መቁጠር ጀመርኩ። ተደራርበው ስለነበር ደጋግሜ ቆጠርኩ። 42! አንድ ሣር እንደዚህ ያለ ነገር በውስጡ ተሸክሟል ብሎ ማን ያስባል?

እነዚህ 42ቱ ከየት መጡ? ከሦስት የዱር ሣሮች ነው የመጡት። የመጀመሪያው ትሪቲከም ኡራርቱ የሚባል የዱር ስንዴ ነው፣ 14 ክሮሞዞም አለው። ሁለተኛው የኤጂሎፕስ ስፔልቶይደስ የቅርብ ዘመድ ነበር፤ እሱም 14 ነበረው። ሰው እርሻን ከማወቁ እጅግ ቀድሞ ሁለቱ በሜዳ ላይ ተዳቀሉ። የዱር ኤመር የሚባለው ባለ 28 ክሮሞዞም ስንዴ ተወለደ። ቆየት ብሎ፣ አሁን ሰው ኤመርን ማልማት ከጀመረ በኋላ፣ ከካስፒያን ባሕር በስተ ደቡብ አካባቢ የሰው እርሻ ውስጥ አረም ሆኖ የበቀለ ኤጂሎፕስ ታውሺ የሚባል ሣር ከለማው ስንዴ ጋር ተዳቀለ። 28 ላይ 14 ተጨመረ። የዳቦ ስንዴ የምንለው ይህ ነው። ስለዚህ የዳቦ ስንዴ ዱር ውስጥ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። የሰው እርሻ የወለደው ነው። ይህን ሦስተኛ ወላጅ በ1944፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ ጃፓን ውስጥ ኪሃራ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ማክፋደንና ሲርስ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ነው የለዩት።

በ2018 የዳቦ ስንዴ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም ጠቅላላ የዘር መልእክቱ፣ ተነቦ ታተመ። ከ100,000 በላይ ጂን ተገኘበት። የፊደሉ ብዛት ከሰው ጂኖም ከአምስት እጥፍ በላይ ነው።

እንግዲህ ብዙ ክሮሞዞም ማለት ብዙ ሀብት ማለት ነው? እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አውስትራሊያ ውስጥ ሴቷ በያንዳንዱ ሴሏ ሁለት ክሮሞዞም ብቻ ያላት ጉንዳን አለች። ከ1,200 በላይ ክሮሞዞም የሚቆጠርለት የፈርን ተክልም አለ። ሙንትጃክ የሚባል ትንሽ አጋዘን አለ፤ የቻይናው 46 ክሮሞዞም ሲኖረው የሕንዱ ሴት 6፣ ወንዱ 7 ነው ያላቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ግን ይመሳሰላሉ። ቁጥሩ ሥጋውን አልለወጠውም። ቁጥር ሀብት አይደለም። ደግሜ እላለሁ፣ ቁጥር ሀብት አይደለም።

ታዲያ ቁጥር ምን ይሠራል? ማን ከማን ይወልዳል የሚለውን ይወስናል። “በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች” ይባላል። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው። በቅሎ 63 ይደርሳታል። 63 ጎዶሎ ነው። የመራቢያ ሴል ሲሠራ ክሮሞዞሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው መገናኘት አለባቸው፤ የበቅሎ ግን አቻ አያገኙም። ስለዚህ በቅሎ ትጫናለች፣ ትጋለባለች፣ ግን አትወልድም። ስንዴስ ከዚህ ጣጣ እንዴት ወጣ? የተዳቀለው ተክል አልፎ አልፎ ክሮሞዞሙን ሳይከፍል የመራቢያ ሴል ይሠራል። ቁጥሩ በእጥፍ ያድጋል። ያኔ እያንዳንዱ ክሮሞዞም አቻ ያገኛል። ተክሉም ይወልዳል። ከዚህ ሌላ በ1958 የታወቀ ፒኤች1 የሚባል ቦታ አለ፤ 5ቢ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። ዘመዳሞቹ ክሮሞዞሞች እንዳይደባለቁ፣ እያንዳንዱ ከገዛ መንትያው ጋር ብቻ እንዲገናኝ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ይህን ዘበኛ ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ወደ ሁለተኛው ልሻገር። ብዝኃነት የት ነው ያለው?

በ1906 አሮን አሮንሶን የሚባል የግብርና ባለሙያ ገሊላ ውስጥ ሮሽ ፒና አጠገብ ሲሄድ ከድንጋይ ስንጥቅ የበቀለ አንድ ስንዴ አየ። ማንም አልዘራውም። የዱር ኤመር ነበር። ከዚያ በፊት ይህ ተክል በሳይንስ ዘንድ የሚታወቀው በአንድ የደረቀ ናሙና ነበር፤ በ1855 ሔርሞን ተራራ አካባቢ ተሰብስቦ ቪየና ውስጥ ከዱር ገብስ ጋር ተደባልቆ የተቀመጠ። በ1873 ኬርኒከ የሚባል ጀርመናዊ ነው ከገብሱ መሀል የለየው። አሮንሶን ግን ሕይወት ያለውን አገኘ። ፈልጎ ሲያይ በየተዳፋቱ አለ። ዛሬም ሄዳችሁ ብታዩት ዛላው ጥቁር የሆነ አለ፣ ነጭ አለ፣ ጸጉራም አለ፣ ልሙጥ አለ።

ይህን ተክል በእጄ አሳድጌዋለሁ። የዱር ስንዴ ከሁሉ በፊት የሚያስተምራችሁ ትዕግሥት ነው። ዛላው ገና አረንጓዴ ሳለ በወረቀት ከረጢት ሸፍናችሁ ታስሩታላችሁ። ካልሸፈናችሁት፣ ማታ ሙሉ የነበረው ዛላ ጠዋት ባዶ አገዳ ይሆናል። ሲደርስ ከላይ ጀምሮ ፍሬ በፍሬ ይረግፋል። እያንዳንዱ የሚረግፈው ቅንጣት ሁለት ረጃጅም ጢም አለው። ቀን አየሩ ሲደርቅ ጢሞቹ ይከፈታሉ፤ ሌሊት ርጥበት ሲያገኙ ቀጥ ብለው ይቀራረባሉ። ጥቃቅን እሾኾቻቸው ወደኋላ መመለስን ይከለክላሉ። ስለዚህ በተከፈቱና በተቀራረቡ ቁጥር ፍሬው ወደ መሬት ይገባል። በ2007 የታተመ ጥናት ነው ይህን ያሳየው። ሞተር የለው፣ ጡንቻ የለው፣ ራሱን በራሱ ይዘራል!

ለአራሽ ግን መርገፍ ጠላት ነው። የጥንት ሰዎች ሲያጭዱ እጃቸው ላይ የቀረው ያልረገፈው ነበር። ያልረገፈው ደግሞ በዘፈቀደ በተፈጠረ የጂን ለውጥ ምክንያት የመርገፍ ኃይሉን ያጣ ነው። በብዙ ትውልድ እሱ በዛ። በዚህም ስንዴ የኛ ሆነ። ግን ምን ጠፋ? ከሙሉ ጎተራ አንድ እፍኝ ዘግኖ እንደመውጣት ነው። እፍኙ ውስጥ የገባው ተባዛ፣ ዓለምን ሞላ። ጎተራው ግን እዚያው ኮረብታው ላይ ቀረ። የዳቦ ስንዴ ደግሞ ይህ ነገር ሁለት ጊዜ ደርሶበታል። ከታውሺ ጋር የተዳቀለው በጣም ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ሣር የመጣው ሦስተኛው የክሮሞዞም ስብስብ እጅግ ድሃ ነው። ተመልከቱ እንግዲህ፤ ባለ 42ው ድሃ፣ ባለ 28ው ሀብታም!

አሁን የንግግሬ ልብ ጋ ደረስን። የዚያ ሀብት አድራሻ የት ነው? ብዙዎቻችን “የዱር ስንዴ አለን፣ ዘሩን ሰብስበናል” ስንል፣ አንድ የዱር ስንዴ ሁሉንም የሚወክል አድርገን ነው የምናየው። እንደዚያ አይደለም።

ገሊላ ውስጥ አሚአድ የሚባል ቦታ አለ። ተመራማሪዎች ከ1984 ጀምረው እዚያ ያለውን የዱር ኤመር ይከታተላሉ። ቦታው ትንሽ ነው። ድንጋያማ አናት አለው፣ ተዳፋት አለው፣ አፈሩ የጠለቀ ጎድጓዳ አለው። ዘሩን ሰብስበው ሲመረምሩት አናቱ ላይ ያለው ከጎድጓዳው ይለያል። በእግር ጥቂት እርምጃ ነው የሚራራቁት! ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲያዩም ተመሳሳይ ዘረመል ያላቸው ተክሎች በዚያው ጥጋቸው ተሰባስበው ተገኙ። ለምን? ስንዴ ባብዛኛው ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅል። ፍሬውም ከእናቱ ርቆ አይወድቅም። ድንጋዩ ላይ ያለው ድርቅን እየቻለ፣ ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ከረጃጅም ሣሮች ጋር እየተሻማ፣ እያንዳንዱ በየጥጉ ተፈትኖ ኖሯል። ጎን ለጎን የበቀሉ ሁለት የዱር ስንዴዎች ሁለት የተለያየ ታሪክ ይዘው ሊሆን ይችላል።

ይህ የስንዴ ብቻ ነገር ነው? አይደለም። የሃይፋ ዩኒቨርሲቲው ኤቪያታር ኔቮ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ አንድ ሸለቆ መርጦ ዕድሜውን ሙሉ አጥንቷል። አንዱ ተዳፋት ፀሐይ የሚመታው፣ ደረቅና ሣራማ ነው። ትይዩው ጥላ የበዛበት፣ ርጥብና ደናማ ነው። ታች ላይ የሚራራቁት 100 ሜትር ያህል ነው። የዱር ገብስን ጨምሮ የብዙ ፍጥረታት ዘረመል በሁለቱ ተዳፋቶች ላይ ልዩነት ያሳያል።

ስለ ፍልፈል እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። በ1969 ኔቮና ባልደረቦቹ እስራኤል ውስጥ ያለውን ዕውር ፍልፈል ክሮሞዞም ቆጠሩ። በመልክ አንድ ነው። ሰሜን ገሊላ ላይ 52፣ ጎላን ላይ 54፣ መሀል አገር 58፣ ደረቁ ደቡብ ላይ 60 ሆኖ ተገኘ። ወደ ደረቁ አገር በተጓዝን ቁጥር ክሮሞዞሙ ይጨምራል። ቅድም ቁጥር ሀብት አይደለም ብያለሁ፣ አሁንም አይደለም። ግን ድንበር ሊሆን ይችላል። 52ቱና 58ቱ ድንበር ላይ ቢገናኙም አንድ አይሆኑም፤ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ሄዷል። ዛሬ እንደ አራት የተለያዩ ዝርያዎች ነው የሚቆጠሩት። ከመሬት በታች የሚኖር፣ ማንም ልብ የማይለው እንስሳ ይህን ሁሉ ይዞ ኖሯል።

ብዝኃነት ሲያልቅስ ምን ይሆናል? በ1970 አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው የበቆሎ ዘር ከአንድ የእናት መሥመር የመጣ ነበር። አንድ የቅጠል በሽታ ገባና በአንድ ወቅት የአገሪቱን በቆሎ 15 በመቶ ያህል በላው። አቦሸማኔ ደግሞ እርስ በርሱ ከመመሳሰሉ የተነሳ በ1980ዎቹ የአንዱ ቆዳ ዝምድና በሌለው ሌላ አቦሸማኔ ላይ ሲለጠፍ ሰውነቱ እንደ ራሱ ተቀብሎታል።

ሦስተኛው ነጥቤ። ይህን ሀብት እንዴት እናወጣዋለን?

የዱር ኤመርና የፓስታ ስንዴ ሁለቱም 28 ናቸው፤ ያለ ችግር ይዳቀላሉ። ከዚያ ወደ ዳቦ ስንዴ ማሻገር ይቻላል። በ2006 አንድ ጂን ተለይቶ ታወቀ፤ ከዱር ኤመር የመጣ ነው። ቅጠሉ ቶሎ እንዲያረጅና በቅጠሉ ያለው ናይትሮጅን፣ ዚንክና ብረት ወደ ፍሬው እንዲሄድ ያደርጋል። የፍሬው ፕሮቲን ይጨምራል። የሚገርመው፣ አብዛኛው የዛሬ ስንዴም ይህ ጂን አለው፤ ግን ተበላሽቶ አይሠራም። የሚሠራውን ጠብቆ ያቆየው ዱሩ ነው። ቢጫ ዋግ የሚባለውን የስንዴ በሽታ የሚቋቋመው ዋይአር15 የሚባል ጂንም ከዱር ኤመር የተገኘ ነው።

ዋግን ካነሳሁ፣ ኡጂ99ን ታስታውሳላችሁ። በ1999 ኡጋንዳ ውስጥ የታወቀ የግንድ ዋግ ነው። ለብዙ ዓመታት ስንዴን ሲጠብቅ የነበረውን ኤስአር31 የሚባል መከላከያ ሰበረው። ያ መከላከያ ራሱ ከስንዴ ዘመድ፣ ራይ ከሚባል እህል የመጣ ነበር፤ ብዙ የዓለም ስንዴ በዚህ በአንድ መከላከያ ተደግፎ ነበር። መፍትሔው ሲፈለግ ኤስአር33 የሚባል ጂን ከታውሺ ሣር፣ ኤስአር35 ደግሞ አይንኮርን ከሚባለው ባለ 14 ክሮሞዞም ስንዴ ተገኙ። የሁለቱም ማንነት በ2013 ታወቀ።

ከራቀ ዘመድ መውሰድ ግን ከባድ ነው። ያ ዘበኛ ትዝ ይላችኋል? ፒኤች1 አያስገባም። ኧርነስት ሲርስ በ1956 ከአንድ የዱር ሣር ዋግ የሚቋቋም ጂን ወደ ስንዴ ያስገባው ክሮሞዞሙን በኤክስሬይ ሰባብሮ ነው። በኋላ ዘበኛውን ለጊዜው ማስወገድ ተቻለ። ሌላም መንገድ አለ፤ ሲሚት በሚባለው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል የሚሠሩ ተመራማሪዎች የጥንቱን መዳቀል በእጃቸው ደገሙት። ባለ 28ውን ስንዴ ከተለያዩ የታውሺ ሣሮች ጋር አዳቅለው፣ ክሮሞዞሙን ኮልቺሲን በሚባል ኬሚካል እጥፍ አድርገው፣ አዳዲስ ባለ 42 ስንዴዎችን ፈጠሩ። ያ ድሃ የነበረው ሦስተኛ ስብስብ እንደገና እንዲበለጽግ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ዘሩ ሲኖር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሩሲያዋ ሌኒንግራድ ተከባ ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ፣ የዕፅዋት ሊቁ ቫቪሎቭ ይመራው የነበረው የዘር ተቋም ሠራተኞች በእህል ዘር ተከበው ዘሩን ሳይነኩ በረሃብ ሞተዋል። ቫቪሎቭ ራሱ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ነው የሞተው። በኛ ዘመን ደግሞ ሐለብ አጠገብ የነበረው፣ ኢካርዳ የሚባለው ዓለም አቀፍ የደረቅ አካባቢ ግብርና ምርምር ማዕከል የጂን ባንክ በሶርያ ጦርነት ምክንያት አልሠራ ሲል፣ በ2015 በኖርዌይዋ ስቫልባርድ በረዶ ሥር ካስቀመጠው ዘር ለመጀመሪያ ጊዜ አስወጣ። ሊባኖስና ሞሮኮ ውስጥ ተዘርቶ ተባዛ፣ ከ2017 ጀምሮ ወደ ስቫልባርድ ተመለሰ። ለነዚህ ሰዎች ያለኝን አክብሮት በቃል አልገልጸውም።

ነገር ግን ማቀዝቀዣ ብቻውን አይበቃም። ስሙን በማልጠራው አንድ ቦታ በረጅም የበዓል ዕረፍት መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም አልተነሳም። የመጣነው ከቀናት በኋላ ነው። ከረጢቶቹ ከውስጥ አልበው ነበር። ዘሩን እርጥብ ወረቀት ላይ ደርድረን ይበቅል እንደሆነ ጠበቅን። በየቀኑ ክዳኑን እያነሳን አየን። ነጭ ሻጋታ ብቻ ነው የወጣው። መለያው ላይ የተሰበሰበበት ቦታ ስም በእርሳስ ተጽፏል። ያ ቦታ ደግሞ በዚያን ጊዜ መንገድ ተሠርቶበት ነበር። ከዚያ ወዲህ “ዘሩ ባንክ ውስጥ አለ” የሚለው ቃል ብቻውን አያስተኛኝም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር አይለወጥም። ሜዳው ላይ ያለው ግን ይለወጣል። ኔቮና ባልደረቦቹ በ1980 የሰበሰቡትን የዱር ስንዴና የዱር ገብስ፣ በ2008 ከዚያው ቦታ ከሰበሰቡት ጋር አንድ ላይ ዘሩት። አዲሱ በአማካይ ከአንድ ሳምንት በላይ ቀድሞ አበበ! አየሩ ሲሞቅ፣ ሲደርቅ፣ ተክሉ መልስ እየሰጠ ነው። በአብዛኞቹ ቦታዎች ግን ብዝኃነቱ መቀነሱንም አይተዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ይማራል፣ ደግሞም ያልቃል። የ1980ው ዘር ባንክ ውስጥ ባይኖር ኖሮ ይህን አናውቅም ነበር። የ2008ቱ ሜዳው ላይ ባይኖርም አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ውሳኔ የምትሰጡ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ የዱር ስንዴ ያለበትን ተዳፋት “ባዶ መሬት” ብላችሁ አትመዝግቡት። ለመንገድና ለግንባታ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ዕፅዋት የሚያውቅ ሰው ላኩበት። አንዱን ኮረብታ አጥራችሁ ሌሎቹን “ያው ናቸው” ብላችሁ አትተዉ፤ ያው አይደሉም።

ተማሪዎች፣ ለናንተ ደግሞ የሥራ ነገር ነው የምነግራችሁ። ለመሰብሰብ ስትወጡ ሁሉንም ዘር አንድ ከረጢት ውስጥ አትጨምሩ። ከእያንዳንዱ ተክል አንድ ዛላ፣ ለእያንዳንዱ ዛላ የራሱ ፖስታ። ፖስታው ላይ ቦታውን በጂፒኤስ፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን ጻፉ፤ ድንጋይ ላይ ነው? ጥላ ሥር ነው? አፈሩ ጥልቅ ነው? ለዓይናችሁ ያማረውን ብቻ አትምረጡ፣ ድንክዋንም ያዙ። ግማሹን ለባንክ ስጡ። ቦታውን ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳችሁ እዩት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ ልቀበል።